«ሙድ መያዝ» የራሱ ገጽ ይገባዋል ወይ? የአራዳ ቃል የት ይመዝገብ ለሚል ሰው

አንድ አባባል በሰው ሁሉ አፍ ስለገባ ብቻ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ የራሱ ገጽ አይገባውም። ይህን ገና ሲጀመር ልበለውና እንገላገል።

አዲስ አበባ ውስጥ «ሙድ መያዝ» ሲባል ግራ የሚገባው ወጣት አታገኙም። «ላሽ በል»፣ «ፈታ በል»፣ «ነቄ ነኝ» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ታዲያ አንዱ ይነሳና ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ ይከፍትላቸዋል፣ ሌላው ይመጣና ይሰረዝ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ንትርክ ነው። ከፋቹ «አገር ምድሩ የሚለው ቃል እኮ ነው!» ይላል። ሰራዡ «ምንጭ የለውም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን አንዱ ስለ ቃሉ ዝና ያወራል፣ ሌላው ስለ ቃሉ ስለተጻፈ ነገር ያወራል፣ ስለዚህ ሲነታረኩ ቢያድሩም አይገናኙም።

ደግሞ ምርጫው «ይኑር» እና «ይጥፋ» ብቻ አይደለም። ቢያንስ አራት መንገድ አለ። አባባሉ ለብቻው ገጽ ሊኖረው ይችላል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ለምሳሌ የዊኪፔዲያ እህት በሆነው ዊክሽነሪ። የአራዳ ቋንቋን በሚመለከት ሰፊ ገጽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ወይም አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። ወይም ምንም ሳይጻፍለት፣ ስሙን የፈለገውን ሰው ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ርዕስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሪዳይሬክት የሚሉት ነው። እኔ ለአብዛኛው የአራዳ ቃል ሰፊው ገጽ ውስጥ መግባቱንና ጎን ለጎን መዝገበ ቃላት ውስጥ መመዝገቡን እመርጣለሁ። የራሱን ገጽ የምሰጠው ለጥቂቱ ነው። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉን መጠቀም ሌላ፣ ስለ ቃሉ መጻፍ ሌላ

ዊኪፔዲያ በ2001 ሲጀመር አንስቶ ሲያከራክር የኖረ አንድ ደንብ አለው፤ «ዊኪፔዲያ መዝገበ ቃላት አይደለም» የሚል። ሐሳቡ ቀላል ነው። መዝገበ ቃላት ስለ ቃሉ ይነግራችኋል፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ቃሉ ስለሚጠራው ነገር ይነግራችኋል። «ጤፍ» የሚለውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ብታዩ የእህል ዓይነት መሆኑን፣ ምናልባት የቃሉን አመጣጥ ታገኛላችሁ። ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ግን የት እንደሚበቅል፣ እንዴት እንደሚዘራና እንደሚወቃ፣ ስንት ዓይነት እንዳለው ትጠብቃላችሁ።

የአራዳ ቃል እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ከጀርባው ጤፍ የለማ! «ላሽ በል» ማለት «ተወው፣ ሂድ» ማለት ነው፣ አለቀ። ስለ መሄድ ገጽ ልትጽፉ አትችሉም። ስለዚህ ለብቻው ገጽ እንዲኖረው ከተፈለገ ቃሉ ራሱ ነገር መሆን አለበት፤ ሰዎች የተከራከሩበት፣ ያጠኑት፣ ታሪክ የሠራ ነገር።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መስፈርት ይህን በምንጭ ነው የሚለካው። ከጉዳዩ ነፃ የሆኑ፣ የሚታመኑ ምንጮች በስፋት ጽፈውበት ይሆን? ለአዲስ ቃላት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ምንጩ ቃሉን መጠቀሙ አይበቃም፣ ስለ ቃሉ ማውራት አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። አንድ የስፖርት ጋዜጣ «ደጋፊዎቹ ዳኛው ላይ ሙድ ያዙበት» ብሎ ቢጽፍ ቃሉን ተጠቀመ እንጂ ስለ ቃሉ አልጻፈም። እንደዚህ ያለ መቶ ቁራጭ ብትሰበስቡ ለገጹ አንድ አንቀጽ አይወጣላችሁም። አንድ ጋዜጠኛ ግን «ሙድ መያዝ ከየት መጣ፣ ማን ይለዋል፣ ወላጆች ለምን ይናደዱበታል» ብሎ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ ያ ከመቶው ይበልጣል።

ገጽ ልትከፍቱ ስታስቡ ይህን ሞክሩ። የአባባሉን ትርጉም ሳትነኩ ሦስት አንቀጽ ጻፉ። ማን ጀመረው፣ መቼ ተስፋፋ፣ ምን አስነሳ፣ ማን ተቃወመው፣ ማን አጠናው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ብዕሩ ከቆመ፣ በእጃችሁ ያለው የመዝገበ ቃላት ነገር ነው።

በሩን ያለፉት ምን ይዘው አለፉ?

እስቲ «ኦኬ»ን እንየው። ዛሬ አያቶቻችን ሳይቀሩ የሚሉት ቃል በ1839 የቦስተን ጋዜጠኞች ቀልድ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ ላይ ታተመ። የዚያ ዘመን ወጣቶችና ጋዜጠኞች አባባልን ሆን ብለው እያጣመሙ ይጽፉና የመጀመሪያ ፊደሎቹን ብቻ ያወጡ ነበር። ዛሬ ልጆች በስልክ የሚያደርጉትን ማለት ነው። «ሁሉም ትክክል» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆን ተብሎ በስሕተት ሲጻፍ የወጣው አሕጽሮት ነው «ኦኬ»። የሌሎቹ አሕጽሮቶች ዕድሜ አጭር ነበር። ይህኛው የተረፈው በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ስለመጣለት ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ኪንደርሁክ በምትባል የኒውዮርክ መንደር የተወለዱ ሰው ነበሩና ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ፊደሎቹ ገጠሙ፣ የ«ኦኬ» ክበቦች ተቋቋሙ። ቫን ቡረን በ1840ው ምርጫ ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን ጸንቶ ኖረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃም ደህና ገጽ ይወጣው ነበር። ግን የቃሉ አመጣጥ ለብዙ ዓመታት አከራከረ። አንዱ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋ ነው ሲል፣ ሌላው ከግሪክ ነው ሲል፣ በመጨረሻ አለን ዎከር ሪድ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ1963 እና በ1964 ተከታታይ ጥናት አሳትመው የቦስተኑን ጋዜጣ አወጡና ክርክሩን ዘጉት ማለት ይቻላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ቀን አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ሙግት አለ፣ ያጠና ሰው አለ። ትርጉሙን ሳንነካ እዚህ ደረስን።

«ኦኬ የቆየ ቃል ነው፣ የኛ አዲስ ስለሆነ ነው የሚገፋው» የሚል አለ። አይደለም። «ኦኬ ቡመር»ን ውሰዱ። በ2019 ነው በዓለም የናኘው፤ ወጣቶች የትልልቆችን ምክርና ተግሣጽ በሁለት ቃል የሚዘጉበት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ፣ ያኔ የ25 ዓመት ወጣት የነበረችው የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል ክሎዊ ስዋርብሪክ ስለ አየር ንብረት ሕግ ስትናገር ከፓርላማ አባላቱ አንዱ አቋረጣት፣ እሷም «ኦኬ ቡመር» ብላ ንግግሯን ቀጠለች። በጥር 2020 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ዕድሜ አድልዎ ክርክር ሲሰማ፣ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ «አንድ ቀጣሪ ሥራ አመልካችን ኦኬ ቡመር ቢለው እንደ አድልዎ ይቆጠራል?» የሚል ጥያቄ አነሱ። በጥቂት ወር ውስጥ ፓርላማና ፍርድ ቤት የገባ፣ ጋዜጦች ስለ ትውልድ ጠብ ገጽ ሙሉ የጻፉበት አባባል ነው። በዚያው ዓመት የወጡ ስንትና ስንት ሌሎች አባባሎች ግን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።

ከአህጉራችንም አለ። «ሀኩና ማታታ» የስዋሂሊ ተራ አነጋገር ነው፣ «ችግር የለም» እንደማለት። ዲዝኒ በ1994 «ዘ ላየን ኪንግ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ካስገባው በኋላ ለልብስ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። ምዝገባው የጸደቀው በ2003 ሲሆን ጉዳዩ በሰፊው የፈነዳው በ2018 ነው፤ «የሕዝብ ቋንቋ እንዴት የአንድ ኩባንያ ይሆናል» የሚል የፊርማ ዘመቻ ተነሣ። አባባሉ ከቱሪስት ሰላምታነት ወጥቶ የቋንቋ ባለቤትነት ክርክር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ገጽ የሚያስገኘው እንደዚህ ያለ ነገር ነው።

«ኦኤምጂ»ንም («ወይ አምላኬ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አሕጽሮት ነው) በአጭሩ ላንሳ። ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2011 ሲያስገባው ያገኘው የመጀመሪያ ማስረጃ አድሚራል ፊሸር በ1917 ለዊንስተን ቸርችል የጻፉት ደብዳቤ ነበር። የልጆች የቻት ቃል ያልነው የባሕር ኃይል አድሚራል ፊደል ሆኖ ተገኘ! እኔ ግን ይህ ለብቻው ገጽ ያስከፍታል አልልም። ጥሩ የመዝገበ ቃላት ማስታወሻ ነው።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ

በዚህ ሚዛን የኛዎቹ ሲመዘኑ ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

«የአራዳ ልጅ» በእኔ ግምት የራሱ ገጽ ይገባዋል፣ ያለ ብዙ ክርክር። ከጀርባው ቦታ አለ። አራዳ ማለት ፒያሳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ የጥንት ገበያ ነው። ዛሬም በስሙ የሚጠራ ክፍለ ከተማ አለ። የድሮዎቹ የከተማዋ ጸጥታ አስከባሪዎች «የአራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው፤ የአራዳ ስም ግን ከገበያው ጋር አልሄደም፣ ሰው ላይ ቀረ። ገበያ ያደገ፣ የነቃ፣ የማይሸወድ፣ አለባበሱን የሚያውቅ ሰው አራዳ ሆነ፤ ያልነቃው ፋራ ተባለ። እንግዲህ ስለ ከተማ አፈጣጠር፣ ስለ ገበያ፣ ስለ መደብ፣ ስለ ከተሜና ገጠሬ መናናቅ (መናናቁ ደስ አይልም፣ ግን አለ) ልትጽፉ ትችላላችሁ። ሦስት አንቀጽ ሲያንሰው ነው። ደግሞ «ፋራ» የሚለው ቃል ለብቻው ገጽ ከሚከፈትለት እዚሁ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም። ፋራን የፈለገ ሰው ወደዚህ ገጽ ይመራ።

«ሙድ መያዝ» ግን ያስቸግራል። እወደዋለሁ፣ ቀን በቀን እለዋለሁ፣ ግን ገጽ አልከፍትለትም። ቃሉን ስትመረምሩት ያለው ሀብት ሁሉ የሰዋስውና የትርጉም ነው። «ሙድ» ብቻውን ሲሆን ስሜት ነው፤ «ሙድ ላይ አይደለሁም» ይባላል። «መያዝ» ሲጨመርበት ወደ ፌዝ ይዞራል። «በ» ደግሞ ይፈልጋል፤ ሰው «ላይ» ወይም ሰው«በት» ነው ሙድ የሚያዘው። «ሙድ ያዘ» ብትሉ የሚሰማው ሰው «በማን?» ይላችኋል። «ሙድ እየያዝክብኝ ነው?» ደግሞ አንዳንዴ የጠብ መነሻ ነው፣ አንዳንዴ የፍቅር። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሁሉም ግን የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው።

«ፈታ በል» እና «ላሽ በል» ከዚህም ያነሱ ናቸው። በሰፊው ገጽ ውስጥ አንድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

ለማነጻጸር ያህል የአራዳ ያልሆነ ግን ሁሉ የሚያውቀው አባባል ላምጣ። «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት አደባባይ ወጡ፣ ከዚያ በኋላ የአብዮቱ መፈክር ሆነ፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን በአዋጅ የሕዝብ ሲያደርግ ወደ ሕግ ተጠጋ። ለዚህ ገጽ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከ«ፈታ በል» ጋር ሲተያይ በየቀኑ የሚለው ሰው እጅግ ያነሰ ነው፣ ምናልባት ዛሬ የሚለው ጨርሶ የለም። ያም ሆኖ ገጹ የሱ ነው። የአፍ ብዛት ሚዛን አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

መዝገበ ቃላቱን አትናቁት

ብዙ ሰው ገጹ ተሰርዞ «ዊክሽነሪ ላይ አስገባው» ሲባል እንደ ውርደት ያየዋል። እኔ ግን ለአራዳ ቃል ከሁሉ የተሻለው ቤት እሱ ይመስለኛል። ዊክሽነሪ የተጀመረው በታኅሣሥ 2002 ነው። የእንግሊዝኛው እትም የእንግሊዝኛ ቃላትን ብቻ ሳይሆን የየትኛውንም ቋንቋ ቃል ይመዘግባል፣ ፍቺውን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ለምሳሌ ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ የአጎታችሁ ልጅ «ላሽ በል» ተብሎ ግራ ሲገባው እዚያ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። ሦስት መስመር ብቻ ካላት የዊኪፔዲያ ገጽ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

መስፈርቱም የሚቻል ነው። ኢንሳይክሎፒዲያው ስለ ቃሉ የተጻፈ ነገር ሲፈልግ፣ መዝገበ ቃላቱ ቃሉ ሲሠራበት ማየት ብቻ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ የተለመደው መስፈርት ቢያንስ ሦስት የማይገናኙ ማስረጃዎች፣ ከአንድ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተገኙ፣ በማይጠፋ ጽሑፍ ላይ ያሉ ናቸው። ብዙ ሰነድ ላልተጠራቀመላቸው ቋንቋዎች ደግሞ ይላላል፣ አንድ ማስረጃ ሊበቃ ይችላል። ያ ቅድም የናቅነው የስፖርት ጋዜጣ ቁራጭ እዚህ ሲመጣ ወርቅ ሆነ።

አባባሉ ከአንድ ቃል በላይ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አለ። ቃላቱን ለየብቻ የሚያውቅ ሰው የድምሩን ትርጉም መገመት ይችላል? ከቻለ አይገባም። «ቡና መጠጣት» አይገባም። «ሙድ መያዝ» ይገባል፤ «ሙድ»ንና «መያዝ»ን የሚያውቅ እንግዳ ሰው ፌዝ መሆኑን በሕልሙም አያገኘውም።

ስታስገቡት ርዕሱን ልብ በሉ። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ልማድ ግሥ የሚመዘገበው በ«እሱ» የኀላፊ ጊዜ ነው፤ «ሙድ ያዘ» ይባላል። ኢንሳይክሎፒዲያ ቢሆን ኖሮ «ሙድ መያዝ» ነበር። ዝርዝር ነገር ይመስላል፣ ግን በፍለጋ ገጹ የሚጠፋው እንደዚህ እየሆነ ነው። የ«ሀ» እና የ«ሐ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሠ» ጣጣ ያለበት ቃል ከሆነማ አጻጻፎቹን ሁሉ ወደ አንዱ አምጧቸው።

በ1999 የተጀመረው አርበን ዲክሽነሪ ላይ ማስገባት ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ ለመዝናናት ከሆነ ግቡበት። ማንም የፈለገውን ፍቺ የሚጽፍበት ነው፣ የጓደኛውን ስም አስገብቶ የሚሳደብበትም አለ። ለምንጭነት ግን አትጥቀሱት፣ ማንም አይቀበላችሁም።

ሰፊው ገጽ፣ የእኔ ምርጫ

አፍሪካ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ከተሞችን ብታዩ የወጣቱ አነጋገር ስም አለው። ናይሮቢ ሼንግ አላት። አቢጃን ኑሺ አላት። ካሜሩን ካምፍራንግሌ የሚባል አላት፣ ደቡብ አፍሪካ ጾጺታል አላት። እነዚህ ሁሉ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ ያላቸው በነጠላ ቃል አይደለም፣ እንደ አነጋገር ነው። ተመራማሪዎቹም ያጠኑት እንደዚያ ነው፤ ማን ይናገረዋል፣ ከየትኛው ቋንቋ ይበደራል፣ ቃልን እንዴት ይገለብጣል፣ ማን ይንቀዋል።

የኛም ምንጭ ያለው በዚሁ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው በ1964 ባሳተመው ጥናት የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችን፣ ዛር አለብን የሚሉ ሰዎችን ሳይቀር የሚስጥር አነጋገር ሰብስቧል። አዝማሪ በሰው ፊት ከጓደኛው ጋር ስለ አድማጩ ኪስ ሊያወራ የሚችልበት ቋንቋ ነበረው እኮ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በ1983 ደግሞ ደምሴ ተሾመና ላዮነል ቤንደር በአዲስ አበባ ስለሚነገር አንድ የሴቶች የሚስጥር አነጋገር በቋንቋ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም ስለ አራዳ ቋንቋ የተጻፉ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች አሉ። እነዚህን ይዛችሁ «የአራዳ ቋንቋ» የሚል ገጽ ብትጽፉ ማንም አይነካባችሁም። በዚያ ውስጥ «ጀለስ»፣ «ጨላ»፣ «ነቄ»፣ «ላሽ»፣ «ሙድ» ምሳሌ ሆነው ይገባሉ፤ ለየብቻቸው ምንጭ ያልነበራቸው ቃላት በአንድ ላይ ሲሆኑ ስለ ቃል አፈጣጠር ማስረጃ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ። ሰፊው ገጽ በቶሎ ወደ ቃላት ዝርዝር ይበላሻል። በየቀኑ አንድ ሰው ይመጣል፣ የሰፈሩን ቃል ይጨምራል፣ ስድስት ወር ሳይሞላ የጥናቱ አንቀጽ ከላይ ተቀብሮ ከታች ሁለት መቶ ቃል ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ የቃል ባሕርይ ሁለት ሦስት ምሳሌ ካስገባችሁ በኋላ በሩን ዝጉ፣ የቀረውን ወደ ዊክሽነሪ ላኩ። ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ሪዳይሬክቱን ደግሞ አትርሱት። ሰው «ላሽ በል» ብሎ ሲፈልግ ባዶ ገጽ ከሚያገኝ «የአራዳ ቋንቋ» ላይ ቢደርስ ምን ይከፋዋል? ለመሥራት ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንጭ አይጠይቅም፣ ነገ ጥናት ቢገኝ ወደ ሙሉ ገጽ ይለወጣል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ የስረዛ ክርክር በመደበኛው ለሰባት ቀን ነው የሚቆየው፤ ከውጤቶቹም «ይኑር» እና «ይሰረዝ» ብቻ ሳይሆኑ ከሌላ ገጽ ጋር መቀላቀልና ሪዳይሬክት መሆን አሉበት። ገጻችሁ ተከሶ ከቀረበና ምንጭ ካጣችሁ፣ ቀድማችሁ «ይቀላቀል» በሉ። ይህን ያለ ሰው የጻፈው ነገር ይተርፍለታል፣ እስከ መጨረሻ «ይኑር!» እያለ የጮኸ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁሉን ያጣል።

ምንጭ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ። የእንግሊዝኛ አባባል አንድ ሳምንት ከናኘ ሃያ ጋዜጣ ይተነትነዋል። የአማርኛ ግን ዕድሜ ልኩን ሲነገር ኖሮ አንድ የጋዜጣ ዓምድ አያገኝም። ታዲያ መስፈርቱ እኩል ነው ይባላል? አይደለም። በ2011 ይህን የምንጭ ክፍተት ለመሙላት በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን በድምፅ እየቀዱ እንደ ምንጭ የመጥቀስ ፕሮጀክት ዊኪፔዲያን በሚያስተዳድረው ድርጅት በዊኪሚዲያ ድጋፍ ተካሂዶ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ግን በታተመ ምንጭ አቋሙ ጸንቷል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ የቋንቋ እትም መስፈርቱን የሚወስነው ራሱ ነው። የአማርኛው እትም የእንግሊዝኛውን ደንብ ቃል በቃል የመከተል ግዴታ የለበትም፣ ተወያይቶ ማላላት ይችላል።

ቢላላ ደስ ይለኛል። ግን እስከ የት? ሬዲዮ ላይ በቀን የተመዘገበ ቃለ ምልልስ ይበቃል ቢባል እስማማለሁ። «እኔ ሰፈር እንደዚህ ይባላል» ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም የአራዳ ቃል ላይ ከሁሉም በላይ የሚዋሸው አመጣጡ ነው። እያንዳንዱ ቃል ከጣሊያን የመጣ፣ ከአንድ ታዋቂ ሌባ የመጣ፣ ከአንድ ቡና ቤት የመጣ ተረት አለው፣ ሁሉም በልበ ሙሉነት ይነገራል።

ይህ ወደ ዊኪፔዲያ ሲገባ ምን እንደሚሆን በሌላ አገር ታይቷል። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በተጻፈው ገጽ ላይ «የብራዚል አርድቫርክ ተብሎም ይጠራል» የሚል ከራሱ የፈጠረውን ስም ለቀልድ ጨመረ። ማንም አላየውም። ጋዜጦች ከገጹ ቀዱት፣ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ገባ፣ ከዚያ እነዚያው ጋዜጦች ተመልሰው ለዊኪፔዲያው ምንጭ ሆኑ። የተፈጠረ ስም እውነተኛ ስም ሆነ። የ«ፋራ»ን አመጣጥ በግምት ጽፋችሁ ብትለቁት ከሁለት ዓመት በኋላ ሬዲዮው፣ ቲክቶኩ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ እናንተን ይዞ ይመጣል፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም። አመጣጡ ላይ ጥናት ከሌላችሁ ክፍሉን ጨርሶ አትክፈቱት።

ምንጭ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይጻፈው። የጋዜጣ ዓምድ ይሁን፣ የቋንቋ ተማሪ ከሆናችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን፣ ራሱን የቻለ አዘጋጅ ያለው መጽሔት ይሁን። የራሳችሁን ጽሑፍ ራሳችሁ አትጥቀሱት፣ ሌላ ሰው ያንሣው።

ቃሉ ቢሞትስ?

የአራዳ ቃል ዕድሜው አጭር ነው፤ የታላቅ ወንድማችሁን ቃል ዛሬ ብትናገሩት ልጆቹ ሙድ ይይዙባችኋል። ሰዎች የሚቸኩሉትም ለዚህ ነው፣ «ሳይረሳ ገጽ እንክፈትለት» ይላሉ። ግን ገጽ አንዴ የተገባው አባባል ቃሉ ስለሞተ ገጹን አይነጠቅም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካኖች «ከዚህ ጥፋ» ለማለት «ሀያ ሦስት ስኪዱ» ይሉ ነበር። ዛሬ የሚለው የለም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ግን ገጽ አለው፣ አመጣጡ ብዙ ስላከራከረ፤ ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ ኒውዮርክ 23ኛ መንገድ ላይ ካለው ፍላትአይረን ሕንፃ ጋር ያያይዘዋል፣ ነፋሱ የሴቶችን ቀሚስ ሲገልብ ለማየት የሚሰበሰቡ ወንዶችን ፖሊስ ያባርርበት ነበር ይባላል። እንግዲህ «ላሽ በል»ም የሱው ወንድም ነው፤ የሚጎድለው ተከራካሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚያስቸኩለው ገጹ አይደለም። የሚያስቸኩለው ማስረጃው ነው። ቃሉን ጋዜጣ ላይ፣ ልብ ወለድ ውስጥ፣ የሬዲዮ ድራማ ላይ ባገኛችሁት ቁጥር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ቅዱት፤ የታተመበትን ቀን፣ የገጹን ቁጥር፣ ድራማ ከሆነ የተላለፈበትን ቀንና ቃሉን የሚለውን ገጸ ባሕርይ አብራችሁ ጻፉ። ያንን ዛሬውኑ ዊክሽነሪ ላይ ከፍቺው ሥር አስቀምጡት፤ ከቻላችሁ የኢትዮጵያውንም የፈረንጁንም ዓመት ለይታችሁ፣ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት በኋላ የቃሉን ዕድሜ ለሚቆጥር ሰው ትልቅ ጣጣ ነውና።